14 ላም ለሁለት እጅ በዛብኝ፤ ማለቢያ ቤት ልሥራ ወይስ ማሽን ብቻ ልግዛ? (አዳማ)

ዳማዬ (አዳማ)
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እያነበብኩ ዝም የምል ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ቸገረኝ።

አዳማ ዳር ላይ 14 ታላቢ ላም አለኝ። ሁሉም ክልስ ናቸው። አራቱ የቦረን ደም ይበዛባቸዋል፤ የቀሩት ወደ ፈረንጁ ያደላሉ። አምስት እርጉዝ ጊደር አለ። እግዜር ካለ የዛሬ ዓመት 19 ላም አልባለሁ። አሁን በቀን ወደ 150 ሊትር ይገኛል። የምናልበው በእጅ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት።

ሁለት አላቢ ነበረኝ። አንዱ ባለፈው ወር ሳይሰናበተኝ ሄደ። በኋላ ባጃጅ ሲነዳ አየሁት። አልፈርድበትም። አሁን የቀረነው አንዱ ልጅና እኔ ነን። ጠዋት ጠዋት ጣቴ አልታጠፍ ይላል። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ነው የምይዘው።

አንድ አስመጪ ጋ ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ። «ሄሪንግቦን» የሚባለውን፣ መሐሉ ጉድጓድ ሆኖ በዚህ ጎን አራት በዚያ ጎን አራት ላም የሚቆምበትን፣ ከነወተት ቧንቧው ልትከልልህ አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ወንበር ፈለግሁ። የሚጸናው ደግሞ ለሰባት ቀን ብቻ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ የጠየቅሁት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ። ሌላ ሱቅ በጎማ የሚገፋ፣ ሁለት ላም በአንዴ የሚያልብ ማሽን አሳዩኝ። እሱ የአንድ ደህና ላም ዋጋ ነው።

አባቴ «ቤቱን ሥራ፣ ማሽኑ ይደርሳል» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ማሽኑን ግዛና እጅህን አትርፍ» ትላለች። የማንን ልስማ?


አድአ (ቢሾፍቱ)
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡15

ባለቤትህን ስማ። ቀልዴን አይደለም።

እኔ አሁን 22 አልባለሁ። እጄ የተበላሸው ግን ገና 9 ላም ሳለኝ ነው። ክረምት ክረምት ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ አትጠብቅ።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። ስምንት ላም በሚያስተናግድ ቤት 14 ላም ሁለት ዙር ነው። አንዱን ዙር ከማስገባት እስከ ማስወጣት 15 ደቂቃ በለው። በግማሽ ሰዓት ጨረስክ፤ ደስ ይላል። ከዚያ ማጠቡ ይመጣል። ቧንቧው፣ የወተት መቀበያው፣ ስምንቱ ክላስተር (አራቱ ጎማ ያለበት መጨበጫ ማለቴ ነው)። 14 ላም ታለበ ብሎ እጥበቱ አይቀንስልህም። ደግሞም ስምንት ክላስተር ለአንድ ሰው አይያዝም። አንዱን ስትሰካ ሌላው ባዶ ጡት ይስባል።

አሁን በሚገፋው አስላ። አንድ ጥንድ ላም ከነመጥረጉ 8 ደቂቃ ይፈጃል። ሰባት ጥንድ፣ 56 ደቂቃ። አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳይሮጥ። ላሞችህ 19 ሲሆኑ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ለዚህ ነው ስምንት ላም የሚያቆም ቤት የምትሠራው?

መጀመሪያ ግን ነገ ጠዋት ሰዓት ይዘህ ቁም። ላሟ ከበረት ወጥታ እስክትመለስ ስንት ደቂቃ ነው? ከዚያ ውስጥ ማለቡ ስንት ነው? እኔ ስቆጥር ግማሹ ላም ፍለጋ፣ ውሃ ማመላለስና ጥጃ ማባረር ነበር። ያንን ማሽን አያልብልህም።


ሐይቅ ማዶ (ሐዋሳ)
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡20

አድአ ያለችው ለ14 ላም ልክ ነው። ግን ሄሪንግቦንን እንዲህ አታቃሉት።

እኔ 45 ላም አልባለሁ፤ ባለ አንድ ጎን ስድስት ነው የሠራሁት። ላሞቹ ገደድ ብለው፣ እንደ ዓሣ አጥንት ይደረደራሉ። ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ መኪና ሥር የሚገባበትን ጉድጓድ ታውቃለህ? አላቢው እንደዚያ ውስጥ ይቆማል፣ ግቱ ደረቱ ፊት ይመጣለታል። ጎንበስ የለም፣ ቁጢጥ የለም። አላቢዬ አራት ዓመት አብሮኝ ቆይቷል። በእጅ ስናልብ በየስድስት ወሩ ነበር የምቀይረው። ይሄ በገንዘብ ሲሰላ ቀላል አይደለም።

ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ በረድፍ ስለሆነ የሚወጡት አንዷ ቀርፋፋ አምስቱን ታስጠብቃለች። እኔ ሁለት እንደዚህ ያሉ ላሞች አሉኝ፤ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን ነው የሚገቡት።

ሁለተኛው ጉድጓዱ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር የመሬቱ ውሃ ቅርብ ነው። መጋቢት ላይ ሲቆፈር ደረቅ ነበር። ነሐሴ ላይ በስሚንቶው ስንጥቅ ውሃ መጣ። አላቢው በቦት ጫማ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ እየቆመ አለበ። የውሃ መምጠጫ ገዛሁ፤ እሱም መብራት ሲጠፋ ይተኛል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አይደለም መጀመሪያ የምታየው፣ መሬትህን ነው።


በያጁ (አዳማ)
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7፡05

ሐይቅ ማዶ እውነቱን ነው። አዳማ ደግሞ ውሃው ከሥር ሳይሆን ከላይ ነው የሚመጣው። ከተማችን በኮረብታ የተከበበች ሳህን ናት። ክረምት ላይ አንድ ሰዓት ከዘነበ ጎርፉ የት እንደሚያልፍ የሰፈርህን ሽማግሌ ጠይቅ። እዚያ ላይ ጉድጓድ ከቆፈርክ ማለቢያ ሳይሆን ገንዳ ነው የሠራኸው።

እኔ የበረት ብረት እበይዳለሁ። ለአንተ ዓይነቱ ሰው የምመክረው መቆፈሩን ትተህ ላሟን ከፍ ማድረግ ነው። 40 ሴንቲሜትር የሚሆን መድረክ ታስገነባለህ፣ በብሎኬትና በድንጋይ ሙሌት። ላሟ አንድ ሁለት ደረጃ ረግጣ ትወጣለች፣ ፊቷ ገንዳ ላይ ፉርሽካዋን ታገኛለች። አንተ ታች ቆመህ ታልባለህ። አራት ላም ጎን ለጎን፣ በሁለት በሁለት የተከፈለ። በየጥንዱ መሐል ሰው የሚገባበት ክፍተት ትተዋለህ። ወገብህ ከጉድጓዱ ያህል ባይቀናም ቁጢጥ ከማለት ግን ተገላገልክ። ውሃው ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን ስለ ወለሉ አንዴ ልቆጣ። ግንበኛ ጠርተህ «ጥሩ አድርገህ ሥራው» ካልከው ሊሾ ያደርግልሃል። እንደ ሳሎን። እሱ ለእሱ ጥሩ ሥራ ነው። ላም ሊሾ ላይ እርጥብ ሲሆን ትንሸራተታለች። አንዴ ከወደቀች ሁለተኛ እዚያ ቤት አትገባልህም። አንድ ደንበኛዬ ላም አርዷል፣ ዳሌዋ ወጥቶ። ስለዚህ ስሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻክር። በየ10 ሴንቲሜትሩ ጣት የምታህል መስመር ይውጣለት። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ይሁን። ግንበኛው «ያስጠላል» ይልሃል። ይበል።

ብረቱ ቱቦላሬ አይሁን፣ ክብ የውሃ ቧንቧ ይሁን። ቱቦላሬ ጠርዙ ላሟን ይልጣታል፣ ሥሩ ላይ ሽንትና ውሃ ይዞ ቶሎ ይበላል። ልክ የምትወስደው ከወረቀት አይደለም፤ ትልቋን ላምህን አቁመህ በሜትር ለካ።


ዳማዬ (አዳማ)
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡10

አመሰግናለሁ። አድአ እንዳልሽው ዛሬ ቆጠርኩ። 14 ላም በሁለት ሰው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀ። በእጅ መታለቡ ራሱ 1 ሰዓት ከ10 ነው። የቀረው 40 ደቂቃ ገመድ መፍታት፣ ባልዲ ማመላለስና «ነይ እንጂ!» ማለት ነው። አፈርኩ።

ጎርፉን ጎረቤቴን ጠየቅኋቸው። በእጃቸው አሳዩኝ። ቀጥታ እኔ ጉድጓድ ልቆፍርበት ካሰብኩት ቦታ ላይ።


ጭድ ተራ (አዳማ)
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡55

ለአላቢው ደሞዝ ጨምርለት፣ አለቀ። ማሽን ሲበላሽ ወጪው ከደሞዙ ይበልጣል። አባቶቻችን በእጅ አልበው ነው ያሳደጉን።


አድአ (ቢሾፍቱ)
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 3፡02

አባቶቻችን ሁለት ላም ነበራቸው፣ አንዷም ሦስት ሊትር ነበር የምትሰጠው። ያለበችው ደግሞ እናታችን ናት 🙂


የሸኖዋ (ሸኖ)
ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 3፡30

ይቅርታ፣ ካነሳችሁት አይቀር ልጠይቅ። እኛ ጋ «በማሽን የታለበ ወተት ቅቤ አይወጣውም» ይላሉ። እውነት ነው? እኔ የምኖረው በቅቤ ነው፣ በወተት አይደለም።


የላም ሐኪም (አዳማ)
ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 6፡45

እህቴ፣ ማሽኑ ቅቤውን አይወስደውም። ግን ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ከአንድ ላም መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ስስ ነው፤ ስቡ የሚበዛው መጨረሻ ላይ በሚወጣው ነው። ላሟ በማሽን ጥርግ ብላ ካልታለበች ያ መጨረሻው ግቷ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ቅቤው ያንስብሻል። በእጅም በችኮላ ከታለበች ያው ነው።

ይህ ወደ ዳማዬ ጥያቄ ይወስደኛል። ማሽን የሚገዙ ሰዎች ፓምፑን ያያሉ፣ ላሟን አያዩም። ላም ወተቷን የምታወርደው ስትፈልግ ነው። ጡቷ ሲታሽ፣ የባልዲ ድምፅ ስትሰማ፣ ጥጃዋን ስታይ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። በደሟ ተጉዞ ግቷ እስኪደርስ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይፈልጋል። ከደረሰ በኋላ ጉልበቱ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ጡቷን ጠርገህ ወዲያው ብትሰካ ባዶ ትስባለህ። ጠርገህ ሄደህ ስልክ አውርተህ ከመጣህ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ከደነገጠች ነገሩ ሁሉ ይዘጋል። ዱላ፣ ጩኸት፣ ውሻ፣ የሚያንሸራትት ወለል፣ ያው ናቸው። ማለቢያ ቦታ ላይ መርፌም አትውጓት። እኔ ራሴ የምወጋት ሌላ ቦታ ነው፣ ማለቢያው ስሙ እንዳይጠፋ።

የቦረን ደም ያለባቸው አራቱ መጀመሪያ ላይ ያስቸግሩሃል። ጥጃዋን ለአፍታ አጥባና ፊት ለፊቷ እሰረው፤ ቀስ በቀስ እያራቅከው ላሟን ታለማምዳታለህ። በየቀኑ የኦክሲቶሲን መርፌ ልስጥ የሚሉ አሉ። አታድርገው። ላሟ ያለ መርፌ አልሰጥም ማለትን ትለምዳለች።

አንድ ትእዛዝ ደግሞ አለኝ፤ ምክር አይደለም። ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት 14ቱንም ላም ለጡት በሽታ አስመርምር። አራት ጎድጓዳ ያላት የፕላስቲክ ሳህን አለች። ከእያንዳንዱ ጡት ትንሽ ትንሽ ታልብባትና መመርመሪያውን ፈሳሽ ጨምረህ ታዞራለህ። እንደ ተልባ ከተጓጎለ ያ ጡት ታሟል። ማሽኑ የአንዷን በሽታ ለ13ቱ ለማዳረስ አንድ ጠዋት ይበቃዋል።


ዳማዬ (አዳማ)
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1፡50

ዶክተር እናመሰግናለን። በሰበቡ አንድ ነገር ልናዘዝ። በየቀኑ ላሞቹን የምታጥቡት በምንድን ነው? እኔ በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ ነው።


የላም ሐኪም (አዳማ)
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡20

ጠርጥሬ ነበር። ያ ጨርቅ የሰፈር አውቶቡስ ነው፤ ሁሉን ያሳፍራል። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑራት። 14 ቁራጭ ያረጀ አንሶላ ይበቃል፤ ማታ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አዳማ ፀሐይ አይጠፋም። ግቱን በሙሉ አታጥብ፤ ጡቶቹን ብቻ፣ ከዚያ አድርቅ። ከግቱ የሚንጠባጠብ ቆሻሻ ውሃ ወደ ጎማው ይገባል።

ከመሰካትህ በፊት ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቁር ዕቃ ላይ እለብ፣ ጓጉሎ እንደሆነ ይታይሃል። ከታለበች በኋላ ጡቷን አዮዲን ውስጥ ንከር። የጡቱ ቀዳዳ ወዲያው አይዘጋም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትተኛ እንድትቆም ድርቆሽ አቅርብላት።

ተራውንም አስተካክል። መጀመሪያ አዲስ የወለዱ ጊደሮች፣ ቀጥሎ ጤነኞቹ፣ መጨረሻ የታመመችውና መድኃኒት ላይ ያለችው። የእሷ ወተት ለብቻው ይደፋል።

የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የምትጠቀመው ፍሎራይዱን አስመርምር። በስምጥ ሸለቆ የሰው ጥርስ የሚበልዘው በሱ ነው፤ የላምም ይበልዛል። ከማለብ ጋር አይገናኝም፤ ሰው ሳገኝ ሁሉ የምለው ነገር ነው።


ቺንጋ (አዳማ)
ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 4፡00

እስካሁን ስለ ማሽኑ የተናገረ የለም። እኔ ፓምፕ እጠግናለሁ። ስትገዛ የምታየው ይሄ ነው።

ዲናሞው ሲንግል ፌዝ (በተለመደው የቤት መብራት የሚሠራ) መሆኑን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ። አንድ ደንበኛዬ ስሪ ፌዝ ሸጡለት። ማሽኑ አራት ወር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ሻጩ «ኤሌክትሪክ ያንተ ጉዳይ ነው» አለው።

ፓምፑ ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚስብ ተጽፏል። ያ ቁጥር ከባሕር ወለል እኩል ለሆነ ቆላ የተጻፈ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ፓምፑ ከተጻፈው ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። 250 የሚል ከሆነ 200 ብለህ ቁጠረው። የሸኖዋ እህታችን ደግሞ ከዚህም በላይ ቀንሺ። ሻጮቹ ይህን አይነግሩህም፤ ብዙዎቹ አያውቁትምም።

ቀጥሎ የቫኪዩም ሰዓቱ፣ የመሳቡን ኃይል የሚለካው። ከ42 እስከ 48 ኪሎፓስካል መሐል ይቁም። ብዙዎቹ ርካሽ ማሽኖች በሜጋፓስካል ነው የሚያሳዩት፤ ከ0.042 እስከ 0.048 ማለት ነው። «ከፍ ካደረግከው ቶሎ ያልባል» የሚልህን አትስማ። የጡቱ ጫፍ እንደ አበባ ይገለበጣል፣ ከዚያ ዶክተሩን ትጠራለህ። ስታልብ የሰዓቱ መርፌ ከዘለለች ወይ አየር ታስገባለህ፣ ወይ ፓምፑ አቅም የለውም።

ፑልሴተሩ ልብ ነው። ቲክ ቲክ እያለ መሳቡንና መልቀቁን የሚያፈራርቀው። በደቂቃ 60 ጊዜ ገደማ ይመታል። ሰዓት ይዘህ ቁጠረው። አውራ ጣትህን ጎማው ውስጥ ክተት። ጨምቆ መልቀቁ ከተሰማህ ደህና ነው። ሁልጊዜ ብቻ የሚስብ ከሆነ የላሟ ጡት ደም ቋጥሮ ያብጣል፣ ትራገጣለች። ሰዉ «ላሜ ማሽን አትወድም» ይላል። ላሟ ምን አደረገች!

ጎማው (ላይነር የሚሉት) ከ2,500 ማለብ በኋላ ይጣላል። የአንተን ላስላልህ። 14 ላም በቀን ሁለቴ 28 ነው። ለሁለት ክላስተር ሲካፈል ለአንዱ 14 ይደርሰዋል። 2,500 ለ14 ወደ 178 ቀን፣ ስድስት ወር በለው። 19 ላም ሲሆን አራት ወር ከምናምን። ባይቀደድም ቀይረው፤ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ባክቴሪያ ማደሪያ ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑን ስትገዛ ጎማው እዚሁ ከተማ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ። ካልተገኘ አትግዛ። ሁለት ሙሉ መለዋወጫ አብሮ ካልሰጠህም አትግዛ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ሞተር በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) እንዲያዞረው አድርገህ አስገጥም። ፓምፑ ላይ ሁለተኛ ፑሊ (ቀበቶው የሚዞርበት ጎማ) እንዲኖር ከመጀመሪያው ተናገር። ከጀነሬተር ይረክስሃል።


ሐይቅ ማዶ (ሐዋሳ)
ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 8፡30

በቺንጋ ላይ አንድ ልጨምር። የሚገፋውን ማሽን እየገፋህ ላም ለላም አትዙር። ጎማው በረት ውስጥ ፋንድያ ላይ ይሄዳል፣ ቱቦው ይጎተታል፣ ፓምፑ እየጮኸ ላሟ ጆሮ ሥር ይቆማል። በያጁ ያለውን መድረክ ሥራና ፓምፑን ከግድግዳው ጀርባ ትከለው። የቫኪዩም ቱቦውን ብቻ አሳልፍ። ነገ ሁለት ክላስተር ስትጨምር ቱቦው አለ። እኔ የተቆጨሁት ለዕድገት ቦታ ባለመተዌ ነው። ስድስት ሠራሁ፣ በጀርባ በኩል ግድግዳ ገተርኩ፣ አሁን ስምንት ማድረግ አልችልም።


አድአ (ቢሾፍቱ)
ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 2፡00

ስለዚህ አባትህም ትክክል ናቸው 🙂 ቤቱ ይቅደም፤ ግን አስመጪው ያለው ቤት ሳይሆን መድረኩ።

የማጠቡን ነገር እኔ ልንገርህ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እሱ ላይ ነው። ልክ እንደጨረስክ፣ ወተቱ ሳይደርቅ፣ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀው። የፈላ ውሃ መጀመሪያ እንዳትጨምር። ወተት ላይ የፈላ ውሃ ስትጨምር ምን ይሆናል? ያበስለዋል፣ እንደ አይብ ይለጠፋል። ለብ ካለው በኋላ ነው ትኩሱ በሳሙና፣ እጅ የማይታገሠው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ተገልብጦ ይንጠፈጠፋል። በሳምንት አንዴ ደግሞ የአሲድ እጥበት፤ ነጩን ደለል እሱ ነው የሚያነሣው። የልብስ ሳሙና አይደለም የምልህ፤ አረፋ ይበዛዋል፣ ሽታው ወተቱ ላይ ይቀራል። የማሽኑ ማጠቢያ የሚባል አለ።

ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልጋል። ሮቶውን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጥ፣ መብራት ባይኖርም ይወርዳል። የፀሐይ ማሞቂያ ብታስገባ አዳማ ላይ ያለ ጥርጥር ያዋጣሃል። ማለቢያው አፉ ወደ ነፋሱ አይዙር። እናንተ ሀገር እነዚያን ተርባይኖች ኮረብታው ላይ ያቆሟቸው በከንቱ አይደለም። በጥር የሚያነሣውን አቧራ ወተትህ ውስጥ አትፈልገውም።

እና ብድር ከወሰድክ የመጀመሪያው ክፍያ ሁዳዴ ላይ እንዳያርፍ። 55 ቀን ነው። ወተት ገዢ ሲጠፋ እኔ አይብና ቅቤ አድርጌ ነው የማሳልፈው። ላሞቹ አይጾሙም።


ዳማዬ (አዳማ)
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡00

ወሰንኩ። ለባለ ስምንቱ «ይቅርብኝ» አልኩ። አስመጪው አልተቀየመም፤ ሰባቱ ቀን አልፎ ነበር ለነገሩ።

መድረኩ ተጀምሯል። አራት ላም፣ በሁለት በሁለት። በደቡብ በኩል ግድግዳ የለም፤ አራት ተጨማሪ እንዲገባ ክፍት ተውኩት። ግንበኛው ስለ ወለሉ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። «ስሜን ታጠፋለህ» አለኝ። አባቴ በርጩማ አምጥቶ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነው በመጥረጊያ ያሻከረው።

ምርመራውም ተደረገ። ሁለት ላሞች ላይ ሦስት የታመመ ጡት ተገኘ። አንዷ ወርቄ ናት፣ ከሁሉ በላይ የምትሰጠው። ምንም ምልክት አልነበራትም። ዶክተር፣ ያቺ ሳህን ባትኖር በሷ ነበር የምጀምረው፤ ሁሌ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።


የላም ሐኪም (አዳማ)
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡25

እንግዲህ ከአሁን በኋላ የመጨረሻዋ ናት። ማሽኑ ሳይመጣ መድረኩ ላይ አስለምዳቸው። አሥር ቀን ዝም ብለው ወጥተው ፉርሽካ በልተው ይውረዱ። ከዚያ እዚያው በእጅ እለባቸው። ከዚያ ፓምፑን ሳትሰካ አስነሣው፣ ድምፁን ይልመዱት። መጨረሻ ላይ ነው ክላስተሩ። ስታወልቅም ቫኪዩሙን መጀመሪያ ዝጋ፤ ሳትዘጋ አትጎትት።


ዳማዬ (አዳማ)
ጥር 20፣ ከምሽቱ 2፡30

ፎቶ ላክ ያላችሁኝ ሰዎች፣ ስልኬ ፋንድያ ውስጥ ወድቋል፤ በጽሑፍ ቻሉኝ።

ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሆነው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብን፤ ከእጅ ይብሳል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ዛሬ ጠዋት 14ቱ በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አለቁ፣ በአንድ ሰው። እጥበቱ 25 ደቂቃ ነው። ልጁ ብቻውን ያልባል፣ እኔ ወተቱን ይዤ እወጣለሁ። ማቀዝቀዣ ገና የለኝም፤ ወተቱ ከታለበ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገዢው ጋ መድረስ አለበት። እስካሁን ግማሹን ጊዜ እያለብን ነበር የምንጨርሰው።

ከቦረኖቹ ሦስቱ በሳምንት ተለማመዱ። ዳማ ግን (ስሜን ያወጣሁባት) 11 ቀን ፈጀች። ጥጃዋን ካላየች አንዲት ጠብታ የለም። አሁን ጥጃው አጥር ማዶ ቆሞ ይበቃታል። ክላስተሩን ሁለቴ ረግጣ ጥላዋለች፣ አንዱ ጎማ ተቀደደ። ቺንጋ፣ መለዋወጫውን አብሮ አስገዛ ስላልከኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ወርቄ ታክማ ድና ነበር፣ አንዱ ጡት ግን ተመለሰባት። እስከምትደርቅ መጨረሻ ላይ በእጅ አልባታለሁ። ጣቴ ለአንድ ላም አይጠፋም።

ማክሰኞ ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ መብራት ጠፋ። ስድስት ላም ታልቦ፣ ሁለቱ ተሰክተው። የቤንዚኑን ሞተር ለማስነሣት 10 ደቂቃ ፈጀ፤ ቤንዚኑን ጭድ ተራ ነው ያበደረኝ።


ጭድ ተራ (አዳማ)
ጥር 20፣ ከምሽቱ 2፡48

ሦስት ሊትር ነው። አልመለስክም።


በያጁ (አዳማ)
ጥር 20፣ ከምሽቱ 3፡10

ወለሉስ? የወደቀ አለ?


ዳማዬ (አዳማ)
ጥር 20፣ ከምሽቱ 3፡14

ግንበኛው ብቻ። የቀረውን ሒሳብ ሊቀበል መጥቶ ፋንድያው ላይ። ላሞቹ ደህና ናቸው።